ራሱን የሚያራባ ጤፍና ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፦ የዘር ውርስ መሠረታዊ ሕጎች በሁለት የመራቢያ ሥርዓቶች

አጭር መግለጫ

የዘር ውርስ መሠረታዊ ሕጎች ለዕፀዋትም ለሰውም አንድ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን እንደ መራቢያ ሥርዓቱ ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ጽንፎችን ያነጻጽራል። አንደኛው ራሱን በራሱ የሚያራባው ጤፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጋባቱ በፊት ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሰው ነው። በሒሳብ ሲመረመር የሰባት ቤት ቆጠራ ድብቅ የሆኑ የውርስ በሽታዎች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንዳይገናኙ ይከላከላል፤ በሽታዎቹን ከሕዝቡ ውስጥ ግን አያጠፋም። ስለዚህ ቆጠራውን ጠብቀው በተጋቡ ወላጆች ቤት ሕመም ያለበት ልጅ ቢወለድ፣ ነገሩ የአንዱ ወገን «ዘር» ጥፋት ነው የሚባልበት ሳይንሳዊ መሠረት የለም።

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስና በአካባቢው ባሉ የእህል መሸጫዎችና ወፍጮ ቤቶች ጤፍ በቀለሙ ተለይቶ ይሸጣል፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ይባላል። ማኛ የሚገዛ ሰው ዘንድሮም ሆነ ለከርሞ ያንኑ ንጣት እንደሚያገኝ አይጠራጠርም። በዚያው ሰፈር ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጆቹ ዝምድና እንዳላቸውና እንደሌላቸው፣ እስከ ስንት ቤት እንደተቆጠረ ይጠየቃል። በሁለቱም ስፍራ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፤ ዘር። አማርኛ ለሚዘራው እህልም ለሰው ትውልድም በዚሁ ቃል ይጠቀማል።

ቃሉ አንድ መሆኑ በከፊል ትክክል ነው፤ የጤፍ ፍሬም ሆነ የሰው ልጅ ከወላጆቹ የሚቀበለው መመሪያ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈና በአንድ ዓይነት ሕግ የሚተላለፍ ነው። በከፊል ግን ያሳስታል። «ጥሩ ዘር ጥሩ ፍሬ ይሰጣል» የሚለው የገበሬ ልምድ ለጤፍ ይሠራል፤ ጤፍ እናቱን ይመስላልና። ይኸው አስተሳሰብ እንዳለ ወደ ሰው ሲዛወር ግን ከባድ ስሕተት ያስከትላል፤ የታመመ ልጅ ወላጆች፣ ይልቁንም እናት፣ የሚወቀሱበት ምክንያት ይሆናል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት በቅድሚያ የጋራውን ሕግ፣ ቀጥሎም ሕጉ የሚሠራባቸውን የተለያዩ የመራቢያ ሥርዓቶች መመልከት ያስፈልጋል።

2. የጋራው ሕግ

ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል በሆነችው በብርኖ ከተማ፣ በገዳም ውስጥ እየኖረ ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. አተር ሲያዳቅል ቆየ። ውጤቱን በ1865 በንግግር አቀረበ፤ በ1866 አሳተመ። በዘመኑ ሰፍኖ የነበረው ግምት የወላጆች ጠባይ በልጁ ውስጥ እንደ ሁለት ፈሳሾች ተዋሕዶ መካከለኛ ይሆናል የሚል ነበር። ሜንዴል ክብ ፍሬ ያለውን አተር የተጨማደደ ፍሬ ካለው ጋር ሲያዳቅል ግን የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ክብ ሆነ። ይህ ትውልድ ራሱን በራሱ ሲያራባ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ተገኘ፤ ጥምርታው 2.96 ለ1 ነው። በአንደኛው ትውልድ የጠፋ የመሰለው መጨማደድ በሁለተኛው ሳይለዝብና ሳይቀንስ ተመለሰ።

ይህ ሊሆን የሚችለው የሚወረሰው ነገር ፈሳሽ ሳይሆን ራሱን የቻለ ቅንጣት ከሆነ ነው። የካዛንቺስ ሸማች ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሰርገኛ ጤፍ ከሩቅ ሲታይ በነጭና በቀይ መካከል ያለ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ዘገን አድርገው መዳፍ ላይ ሲያዩት ግን ነጩ ነጭ፣ ቀዩም ቀይ እንደሆነ ነው። ተደባለቁ እንጂ አልተዋሐዱም። የውርስ ቅንጣቶች፣ በአማርኛ በራሂ ወይም በተለመደው አጠራር ጂን የሚባሉት፣ በአካል ውስጥ የሚኖሩት ልክ በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ይገለጻል። እንዲህ ያለ ጠባይ በጥንድ ጂን ይወሰናል፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት ይመጣል። ወላጁ የመራቢያ ሕዋስ ሲያዘጋጅ ጥንዱ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሁለቱ አንዱን ብቻ በእኩል ዕድል ይይዛል። የጥንዱ ሁለት አባላት የተለያዩ ሲሆኑ ውጤቱ የሚታየው ገዢ፣ ውጤቱ የማይታየው ደግሞ ድብቅ ይባላል። ድብቁ የሚገለጠው ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ብቻ ነው።

ድብቅ መሆን ግን ደካማ መሆን ማለት አይደለም። የተጨማደደው አተር ምስጢር በ1990 እ.ኤ.አ. በሞለኪውል ደረጃ ተፈትቷል። ስታርችን ቅርንጫፍ እያወጣ የሚገነባው ኤንዛይም የሚሠራበት ጂን ውስጥ ባዕድ ቁራጭ ገብቶ ሥራውን አቋርጦታል። አንድ ጤናማ ቅጂ ያለው ተክል በቂ ኤንዛይም ስለሚያዘጋጅ ፍሬው ክብ ይሆናል፤ ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ግን በፍሬው ውስጥ ስኳር ይከማቻል፣ ፍሬው ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ብዙዎቹ የሰው ድብቅ በሽታዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ጤናማ ቅጂ ስለሚበቃ ተሸካሚው ሰው ምንም ምልክት አይታይበትም።

ሁለተኛው ሕግ በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ያሉ ጂኖች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንደሚከፋፈሉ ይናገራል። በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው የሚገኙት ግን አብረው የመተላለፍ ዝንባሌ አላቸው። ሰው 23 ጥንድ፣ ጤፍ 20 ጥንድ ክሮሞዞም አለው።

ሜንዴል አተርን መምረጡ በአጋጣሚ አልነበረም። አተር ራሱን በራሱ ስለሚያራባ መነሻ የሆኑት ተክሎች ጠባያቸው የጸና ነበር። በዚህ ረገድ ጤፍ ከአተር ጋር አንድ ወገን ነው።

3. ጤፍ፦ ራሱን የሚያራባ ዘር

የጤፍ አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን በአንድነት የያዘ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን አበባ ነው። ብናኙ የሚያርፈው በዚያው አበባ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ጤፍን በሰው እጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ የማሻሻል ሥራውም ከአገር ዝርያዎች መካከል የተሻለውን በመምረጥ ብቻ ተወስኖ ቆየ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ካስተዋሉ በኋላ ግን ሰዓቱን ጠብቆ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ማሸጋገር ተቻለ።

የዚህ ግኝት ታዋቂ ፍሬ ቁንጮ የተባለው ዝርያ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የተዳቀሉት ሁለት ወላጆች እርስ በርስ የሚደጋገፉ ነበሩ። አንደኛው ዲዜድ-01-196 ወይም ማኛ፣ ፍሬው እጅግ ነጭ በመሆኑ ገበያ የሚወደው ነገር ግን ምርቱ አነስተኛ የሆነ ነው። ሁለተኛው ዲዜድ-01-974 ወይም ዱከም፣ ምርታማ ሆኖ ንጣቱ ከማኛ የሚያንስ ነው። ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ንጣትንና ምርታማነትን አጣምሮ የያዘው ተመርጦ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተለቀቀ።

በማዳቀሉና በመልቀቁ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ የሚገለጸው በመጀመሪያው ሕግ ነው። ሁለት የጸኑ ወላጆች ሲዳቀሉ በሚለያዩባቸው ጂኖች ሁሉ የመጀመሪያው ትውልድ ድብልቅ ጥንድ ይይዛል። ይህ ተክል ራሱን ሲያራባ ከልጆቹ ሩቡ ገዢውን ብቻ፣ ሩቡ ድብቁን ብቻ፣ ግማሹ ሁለቱንም ይወርሳል። ድብልቅነቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በሚቀጥለው ትውልድ ወደ ሩብ፣ ከዚያም ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ከሰባት ጊዜ ራስን ማራባት በኋላ የሚቀረው ድብልቅነት ከ128 አንድ፣ ማለትም ከመቶ 0.8 ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ተክሉ የጸና ዘር ሆኗል፤ ልጁ እሱን፣ የልጅ ልጁም እሱን ይመስላል። ገበሬው ከቁንጮ ማሳው ዘር አስቀርቶ ለከርሞ መዝራት የሚችለው፣ የወፍጮ ቤቱም ደንበኛ ማኛ ማኛ እንደሆነ እንዲቀር የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ራስን ማራባት ሌላም ውጤት አለው። ጎጂ የሆነ ድብቅ ጂን በአንድ ተክል ውስጥ ቢነሣ ከልጆቹ ሩቡ ላይ ወዲያውኑ ይገለጣል፤ የተጎዱት ተክሎችም ዘር ሳይተኩ ይቀራሉ። በብዙ ሺህ ትውልድ ሂደት እንዲህ ያለው ጉድለት እየተጠረገ ይወጣል። ስለዚህ ጤፍ ከራሱ ጋር መራባቱ አይጎዳውም፤ የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነውና።

ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል። በአንዱ የጤፍ ተክል ውስጥ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ያለው በተክልና በተክል መካከል ነው። የአገር ጤፍ የተዘራበት ማሳ አንድ ዘር ሳይሆን የብዙ ጸኑ ዘሮች ስብስብ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ከየአካባቢው ናሙና ማሰባሰቡ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ አንጻር ነው። ከአንድ ራስ የተወሰደ ፍሬ የሚወክለው አንዱን ዘር ብቻ ነው። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር ዝርያዎች በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እንዲጠበቁ በመሥራታቸው በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ለማሟያ ያህል አንድ ነጥብ መጨመር ይገባል። ጤፍ የሁለት የጥንት ዝርያዎችን ክሮሞዞሞች አጣምሮ የያዘ ስለሆነ አንድ ተግባር በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ባሉ ጂኖች ሊከናወን ይችላል። ከሁለቱ ስፍራዎች በአንዱ ያለ ገዢ ጂን ለጠባዩ በቂ ሲሆን የሁለተኛው ትውልድ ጥምርታ 3 ለ1 መሆኑ ቀርቶ 15 ለ1 ይሆናል። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሠራበት ስፍራ ብዛት ነው።

4. በቆሎ፦ ወደ ሰው የሚያሸጋግር ተክል

ከጤፍ በቀጥታ ወደ ሰው መሻገር ያሳስታል። ከዕፀዋት መካከል በመራቢያ ሥርዓቱ ለሰው የሚቀርበው በቆሎ ነው። በቆሎ ወንዴ አበባውን በአናቱ፣ ሴቴውን በአገዳው ጎን ይይዛል፤ ብናኙን ነፋስ ስለሚወስደው አብዛኛው ፍሬ የሚጸነሰው ከጎረቤት ተክል ነው። በዚህ ሥርዓት ድብቅ ጂን ዓመታትን ተሰውሮ ይኖራል፤ ከመሰሉ ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነውና።

ተመራማሪው በቆሎን በእጁ ከራሱ ጋር ሲያራባው የተሰወረው ይወጣል። ተክሎቹ ያጥራሉ፣ ምርታቸው ይቀንሳል፤ አንዳንድ ጊዜም አረንጓዴ ቀለም ማዘጋጀት የማይችሉ ነጫጭ ቡቃያዎች በቅለው በጥቂት ቀናት ይደርቃሉ። እነዚህ ቡቃያዎች ከውጭ የመጡ አይደሉም፤ ለምለም በሆነው ወላጅ ውስጥ ተሸሽገው የቆዩ ናቸው። እንዲህ ተጣርተው የወጡ የተለያዩ መስመሮች ተመልሰው ሲዳቀሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍናል፤ ብርታቱም ይመለሳል። በባኮ ተዘጋጅቶ በ1993 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቢኤች-660 የዚህ አሠራር ውጤት ነው። የዲቃላ በቆሎ ዘር በየዓመቱ የሚገዛውም ለዚህ ነው። ከማሳው ፍሬ አስቀርቶ ቢዘራ ጥንዶቹ ስለሚለያዩ ብርታቱ ከፊሉን ያጣል፤ ቡቃያውም አንድ ወጥ አይሆንም።

እንግዲህ ከቅርብ ዘመድ ጋር መራባት በራሱ በሽታ አይፈጥርም። የሚያደርገው ነገር ቀድሞ የነበረውን መግለጥ ነው። ጤፍ የሚገለጥ ጥቂት ስለሌለው ሊባል በሚችል ደረጃ የጠራ ነው፤ በቆሎና ሰው ግን ብዙ አላቸው።

5. ሰባት ቤት በሒሳብ ሲለካ

በሰው ላይ ይህ መታወቅ የጀመረው ሜንዴል በ1900 እ.ኤ.አ. እንደገና ከተገኘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ በ1902 አልካፕቶኑሪያ ስለተባለ፣ ሽንትን አየር ሲነካው ስለሚያጠቁር ሕመም ሲጽፍ፣ የሕመምተኞቹ ወላጆች ብዙ ጊዜ የአጎትና የአክስት ልጆች መሆናቸውን አስተውሎ ነበር። ሰውን እንደ አተር ማዳቀል ስለማይቻል፣ በሰው ላይ የውርስ ሕግ የሚነበበው በቤተሰብ ታሪክ ነው። የዘመዳሞች ጋብቻ የመጀመሪያው መስኮት ሆነ።

በኢትዮጵያ በሰሜንና በማዕከላዊ ደጋማ አካባቢዎች የቆየው ልማድ ይህንን መስኮት ይዘጋል። አባትና እናት አንደኛ ቤት፣ አያቶች ሁለተኛ፣ ቅድመ አያቶች ሦስተኛ ቤት ተብለው ቢቆጠሩ፣ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ የጋራ ወላጅ ያላቸው ሁለት ሰዎች አይጋቡም። አቆጣጠሩ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ቢችልም፣ ስሌቱ የሚከተለው መሠረት አንድ ነው።

የጋራ ከሆኑ ባልና ሚስት የተነሣ አንድ ጂን በሁለት መስመር ወርዶ በአንድ ልጅ ላይ እንዲገናኝ፣ በእያንዳንዱ ትውልድ በሁለቱም መስመሮች መተላለፍ አለበት። በአንዱ መስመር የመተላለፉ ዕድል ግማሽ ነው፤ በሌላውም ግማሽ ነው፤ በሁለቱም በአንድ ጊዜ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ የጋራ ወላጆች በአንድ ቤት በራቁ ቁጥር ዕድሉ በአራት ይከፈላል።

በአንደኛ ቤት፣ ማለትም በእኅትና በወንድም መካከል፣ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።
በሁለተኛ ቤት፣ በአጎትና በአክስት ልጆች መካከል፣ ከ16 አንድ ነው።
በሦስተኛ ቤት ከ64 አንድ ነው።
በአራተኛ ቤት ከ256 አንድ ነው።
በሰባተኛ ቤት ከ16,384 አንድ ነው።

ይህ ቁጥር በጤና ረገድ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት፣ ከ100 የጂን ቅጂዎች አንዱ ጎጂ የሆነበት አንድ ድብቅ በሽታ ለስሌት ይወሰድ። ዝምድና ከሌላቸው ወላጆች ከሚወለዱ 10,000 ልጆች አንዱ ይታመማል። ወላጆቹ በሁለተኛ ቤት የሚገናኙ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 7.2 ያድጋል። በሦስተኛ ቤት 2.5፣ በአራተኛ 1.4፣ በአምስተኛ 1.1 ይሆናል። በሰባተኛ ቤት 1.006 ነው፤ ፈጽሞ ከማይዛመዱት አይለይም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ከቆጠራው የሚገኘው የጤና ጥቅም ከሞላ ጎደል በመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች ይጠናቀቃል፤ ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ያለው ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ማኅበራዊ ሥርዓት፣ ስለ ወገን መስፋትና ስለ ነውር የሚናገር ነው። ሁለተኛ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ቢርቅ ከ10,000 አንዱ ልጅ አይቀርም። በሕግ በኩል ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ወንድም እኅቱን ወይም አክስቱን፣ ሴትም ወንድሟን ወይም አጎቷን እንዳያገባ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆችን ጋብቻ አይከለክልም። ከፍ ያለ አደጋ ባለበት በዚህ በሁለተኛው ቤት የሚጠብቀው እንግዲህ ልማዱ እንጂ ሕጉ አይደለም።

ልማዱ የሚጸናው ደግሞ በሰው ትዝታ ነው። አንድ ሰው በሰባተኛው ቤት ብቻ 128 ወላጆች አሉት፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። የአገራችን ስም አጠራር የሚሸከመው ግን የአባትን መስመር ብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ትውልድ ስም መጥራት የሚችል ሰው ከ254ቱ የጠራው ሰባቱን ነው። በእናቶች በኩል ያለውን የሚያስታውሱት አዛውንቶች ናቸው። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት መጠሪያ ስሙን ያገኘ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር ነው። የተጋቢዎቹ አያቶች በተለያየ አገር ስለሚኖሩ ቆጠራው በዘመድ መልእክት ይሞላል። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ከሰፈሩ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል፤ አዛውንት ሲበተን የዝምድና መዝገብም አብሮ ይበተናል። በሌላ በኩል ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ ቤተሰቦች መጋባታቸው በራሱ የጋራ ወላጅ የመኖርን ዕድል ይቀንሳል። በከተማ የቆጠራው ትክክለኛነት ቢቀንስም አስፈላጊነቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል ማለት ነው።

6. ቆጠራው የማይደርስበት

ከ10,000 አንዱ ልጅ ከየት ይመጣል? በዚሁ ምሳሌ ከ10,000 ሰዎች 198ቱ፣ ማለትም ከ50 ሰዎች አንዱ ያህል፣ ምልክት የሌለበት ተሸካሚ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ሲጋቡ ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል ከ2,500 አንድ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲወልዱ ደግሞ ልጁ ከሁለቱም ጎጂውን ቅጂ የመውረስ ዕድሉ ሩብ ነው፤ 2,500 በ4 ሲባዛ 10,000 ይሆናል። አንድ ሕመምተኛ በሚገኝበት ሕዝብ ውስጥ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ጤናማ ተሸካሚዎች አሉ። ጂኑ የሚኖረው በሕመምተኞቹ ሳይሆን በጤነኞቹ ውስጥ ነው።

አልቢኒዝም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በሚገባ ሳይዘጋጅ ሲቀር የሚከሰት ነው። ዋናው ዓይነት በድብቅ ጂን ስለሚተላለፍ፣ ሙሉ ቀለም ያላቸው ወላጆች ይህ ሁኔታ ያለበት ልጅ ይወልዳሉ። በቤተሰቡ እስከ ሰባት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ታይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ይህ ግን ጂኑ አልነበረም ማለት አይደለም፤ መሰሉን አላገኘም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እናት ላይ የሚሰነዘር ወቀሳ፣ ሲብስም በታማኝነቷ ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ፣ ከውርስ ሕግ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ልጁ ሁለት ቅጂ ይዟልና አንዱ የግድ ከአባቱ የመጣ ነው። ድብቅ ጠባይ በተገለጠበት ልጅ የአባትና የእናት ድርሻ እኩል ነው፤ ይህ የሥነ ምግባር ምክር ሳይሆን የስሌት ውጤት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ስለሚቀጥለው ልጅ ነው። ከአራት አንድ የሚለው ዕድል ተራ ተብሎ ሲተረጎም፣ አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ጤነኞች ይሆናሉ የሚል እምነት ይፈጠራል። እያንዳንዱ ፅንስ ግን አዲስ ዕጣ ነው፤ ያለፈውን አያስታውስም። ከታመመው ልጅ በኋላ የሚወለዱት ሦስት ልጆች ሁሉም ጤነኞች የመሆናቸው ዕድል ከ64 ሃያ ሰባት፣ ማለትም ከመቶ 42 ያህል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጤነኞቹ እኅትና ወንድም ነው። የሕመምተኛው ጤነኛ ወንድም ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው። ከማይዛመዳት ሴት ጋር ቢጋባ የልጁ አደጋ ሁለት ሦስተኛ፣ በአንድ ሃምሳኛ፣ በሩብ ተባዝቶ ከ300 አንድ ይሆናል። የአጎቱን ልጅ ቢያገባ ግን እሷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ሩብ ስለሆነ የልጁ አደጋ ከ24 አንድ ይደርሳል። በሽታ ባልታየበት ቤተሰብ የሰባት ቤት ቆጠራ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ በታየበት ቤተሰብ ግን የቅርቦቹ ቤቶች ቆጠራ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ቆጠራው ጭራሽ የማይነካቸው ውርሶችም አሉ። ሂሞፊሊያና ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት መቸገር በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ይተላለፋሉ። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለውና እሱንም ከእናቱ ስለሚቀበል፣ አባቱ ዘመድ ሆነ ባዕድ ለውጥ አያመጣም። በገዢ ጂን የሚተላለፍ በሽታ አንድ ቅጂ ስለሚበቃው ዝምድናን አይጠብቅም። በወላጅ የመራቢያ ሕዋስ ውስጥ በአዲስ ለውጥ የሚነሣ በሽታም በማንም ቆጠራ አይገኝም። ቁመትን የመሳሰሉ ጠባዮች ደግሞ በብዙ ጂኖችና በአካባቢ ሁኔታ ስለሚወሰኑ በ3 ለ1 ጥምርታ አይገለጹም፤ የጤፍ ምርታማነትም እንዲሁ።

7. ማጠቃለያ

ጤፍና ሰው በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ጥንዱ ይለያያል፣ አንዱ ይተላለፋል፣ ድብቁ መሰሉን ሲያገኝ ይገለጣል። ጤፍ በሰባት ትውልድ ራሱን በራሱ አራብቶ ይጸናል፤ የተሰወረውን እያወጣ ይጥላል። ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ይርቃል፤ የተሰወረውን እንደተሰወረ ያቆያል። ሁለቱም መንገዶች በየራሳቸው የተሳኩ ናቸው፤ የአንዱን ውጤት ከሌላው መጠበቅ ግን ስሕተት ነው። የጸና ዘር የሚባል ነገር በጤፍ ማሳ አለ፤ በሰው ቤተሰብ የለም።

ለተመራማሪውና ለጤና ባለሙያው ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። የሰባት ቤት ልማድ የቤተሰብን ታሪክ የመጠየቅ ባህል አስቀድሞ አኑሯል፤ ሽማግሌዎች ስለ ዝምድና መጠየቃቸው ነውር አይደለም። በዚሁ ጥያቄ ላይ አንድ ብቻ ቢጨመር፣ በሁለቱም ወገን እስከ ሦስትና አራት ቤት የታወቀ የውርስ ሕመም መኖሩ ቢጠየቅ፣ ለምክር አገልግሎት የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው ይገኛል። ጥያቄው ጋብቻን ለማፍረስ ሳይሆን ተጋቢዎች አደጋውን በቁጥር አውቀው እንዲወስኑ ነው። ቆጠራው ሁሉ ተጠብቆ ከተወለደው ሕመም ያለበት ልጅ አልጋ አጠገብ ደግሞ ባለሙያው አስቀድሞ ሊናገረው የሚገባው ነገር፣ ማንም እንዳላጠፋና ከሁለቱም ወገን እኩል እንደመጣ ነው።